ካሽባክ ካርድ ለመምረጥ መጀመሪያ የራሳችሁን ወጪ እዩት

ከደብረ ማርቆስ፣ ከቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከደጀን፣ ብቻ ከየትኛውም የጎጃም ከተማ ወደ አሜሪካ የሄደ ልጅ፣ በዲቪም ይሂድ በቤተሰብ፣ ስራ ይዞ የመጀመሪያ ደሞዙን እንዳገኘ የሚጠይቀኝ ነገር አንድ አይነት ነው፦ «የትኛውን ካሽባክ ካርድ ላውጣ? 6 ፐርሰንት የሚመልስ አለ ይላሉ፣ እሱን ልያዝ ወይ?»። ካሽባክ ማለት በካርዱ ከገዛችሁት ላይ ባንኩ በፐርሰንት አስልቶ የሚመልስላችሁ ብር ነው። እዛ ሀገር ኖሬ፣ የሰው ሂሳብ ስሰራ ቆይቼ አሁን ማርቆስ ስለተመለስኩ ነው ለኔ የሚደውሉት። እኔም የምመልስላቸው በጥያቄ ነው፣ ለነዳጅ በወር ስንት ይወጣል፣ አስቤዛ የምትገዙት ከየት ነው፣ ውጪ ትበላላችሁ ወይስ ቤት ነው የሚሰራው፣ ለቤተሰብ የምትልኩትስ በምን በኩል ነው። ይሄን ሳይጠይቅ «ይሄኛው ካርድ ምርጥ ነው» የሚላችሁን ሰው አትስሙት፣ ምክንያቱም ለአንዱ ቤት በዓመት ከ200 ዶላር በላይ የሚያስገኝ ካርድ ለጎረቤቱ ከተራው ካርድ ያነሰ ሊያስገኝ ይችላል፣ ከታች በቁጥር አሳያችኋለሁ።

መጀመሪያ ግን ክሬዲት ካርድ ራሱ ምን እንደሆነ እንነጋገር፣ ምክንያቱም እኛ እዚህ የለመድነው የኤቲኤም ካርድ ነው፣ እሱ ደግሞ የራሳችሁን ብር ከራሳችሁ አካውንት የሚያወጣ ነው። ክሬዲት ካርድ እንደ ሰፈር ሱቅ ዱቤ ነው፣ ወሩን ሙሉ በደብተር እየተጻፈላችሁ ትወስዱና ደሞዝ ሲወጣ ሄዳችሁ ትዘጋላችሁ። ባንኩ በወር አንዴ «ስቴትመንት» የሚባል ሂሳብ ይዘጋል፣ ከዛ በህጉ መሰረት ለመክፈል ቢያንስ 21 ቀን ይሰጣችኋል፣ በዛ ጊዜ ውስጥ ሙሉውን ከከፈላችሁ ለገዛችሁት እቃ አንድ ሳንቲም ወለድ የለም። ሙሉውን ካልከፈላችሁ ግን ወለድ ይጀምራል፣ ወለዱም ቀላል አይደለም፣ ባለፉት ዓመታት አሜሪካ ውስጥ የክሬዲት ካርድ አማካይ የዓመት ወለድ ከ20 ፐርሰንት በላይ ነው። ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ አንዴ ከወር ወደ ወር እዳ ካሻገራችሁ ያ የ21 ቀን እፎይታም ይነሳል፣ ከዛ በኋላ ዛሬ የገዛችሁት ወተት ሳይቀር ከዛሬ ጀምሮ ወለድ ይቆጥራል።

ታዲያ ባንኩ ለምን ብር ይመልስላችኋል? ካርዳችሁን ባንሸራተታችሁ ቁጥር ባለሱቁ ከሽያጩ ላይ 2 ፐርሰንት ገደማ፣ አንዳንዴ ከዛ በላይ ይቆረጥበታል፣ ከዛ ላይ ነው ለናንተ የሚካፈለው። በደቢት ካርድ፣ ማለትም ከራሳችሁ አካውንት በሚቆርጠው፣ ብዙ ጊዜ ካሽባክ የማታገኙትም ለዚህ ነው፣ በፈረንጆች 2010 በወጣው ህግ ትላልቅ ባንኮች በደቢት ከባለሱቁ ለሚቆርጡት ክፍያ ጣሪያ ተበጅቶለታል፣ የሚካፈል ትርፍ አልተረፈም። ሌላው የባንኩ ገቢ ደግሞ ወለድ ነው፣ እዳ የሚያሻግረው ሰው የሚከፍለው ወለድ በጊዜው ለሚከፍለው ሰው ካሽባክ መሸፈኛ ይሆናል ማለት ነው። እናንተ የትኛው ወገን ላይ እንደምትሆኑ ካርድ ከመምረጣችሁ በፊት በሐቅ መወሰን አለባችሁ።

ይሄን በደንብ እዩት። 3 ሺህ ዶላር በካርድ ገዛችሁ እንበል፣ ካርዱ 2 ፐርሰንት ይመልሳል፣ 60 ዶላር አገኛችሁ። ያንኑ 3 ሺህ ሳትከፍሉ አሻገራችሁትና ወለዱ በዓመት 24 ፐርሰንት ከሆነ በወር 2 ፐርሰንት ነው፣ ያው 60 ዶላር። የአንድ ወር መዘግየት ብቻ ካሽባኩን እንዳለ ይበላዋል፣ ሁለተኛው ወር ከናንተ ኪስ ነው። ባንኩ «ሚኒመም ፔይመንት» ብሎ የሚጽፍላችሁ ትንሽ ቁጥር አለ፣ እሱን ብቻ የከፈለ ሰው የቅጣት ክፍያ ባይጣልበትም ወለዱ ግን አይቆምለትም። ስለዚ በየወሩ ሙሉውን መክፈል የማይችል ሰው፣ ሄዶ ገና ቤት እቃ እያሟላ ያለ ሰው ይሁን ልጅ የተወለደለት፣ ካሽባክ የሚለውን ለጊዜው ይተወውና ወለዱ ዝቅ ያለ ካርድ ክሬዲት ዩኒየን፣ ማለትም የአባላት ቁጠባና ብድር ማህበር፣ ሄዶ ይጠይቅ። በጣም ነው የምለምናችሁ፣ እዚህ ጋ የሚሳሳት ሰው ብዙ ነው።

ካርዶቹ በጥቅሉ ሶስት አይነት ናቸው። አንደኛው የትም ግዙ ምንም ግዙ አንድ አይነት የሚመልስ ነው፣ የዌልስ ፋርጎ አክቲቭ ካሽ 2 ፐርሰንት፣ የሲቲ ደብል ካሽ ደግሞ ስትገዙ 1 ስትከፍሉ 1፣ ድምሩ 2 ፐርሰንት፣ ሁለቱም የዓመት ክፍያ የላቸውም። ሁለተኛው በወጪ አይነት የሚለያይ ነው፣ ለአስቤዛ ይሄን ያህል ለነዳጅ ይሄን ያህል ለሬስቶራንት ይሄን ያህል እያለ። ሶስተኛው በየሶስት ወሩ የሚቀያየር ነው፣ እንደ ዲስከቨር ኢት ካሽባክ፣ አንዴ አስቤዛ አንዴ ነዳጅ አንዴ ሌላ እየሆነ 5 ፐርሰንት ይመልሳል፣ ግን በየሶስት ወሩ ገብታችሁ «አክቲቬት» ካላላችሁት 1 ፐርሰንት ብቻ ነው፣ 5ቱም ቢሆን እስከ 1,500 ዶላር ወጪ ድረስ ነው። ሁለት ስራ ለሚሰራ ሰው ይሄ ሶስተኛው ልፋቱ ይበዛል ባይ ነኝ፣ መከታተል የሚወድ ይያዘው።

ዋናው ክርክር ያለው አንደኛውና ሁለተኛው መሀል ነው። ይሄን ለመወሰን ያለፉትን ሶስት ወራት የባንክ ስቴትመንት አውርዱና ወረቀት ላይ በአምስት ክፈሉት፣ አስቤዛ፣ ነዳጅና ትራንስፖርት፣ ሬስቶራንት፣ ቢል፣ ሌላ። የቤት ኪራይና ወደ ሀገር ቤት የምትልኩትን ለብቻ አውጡት፣ ዕቁብም ካለባችሁ እንደዛው፣ እነዚህ ካሽባክ ውስጥ አይገቡም። አብዛኛው ሰው የሚገምተውና ስቴትመንቱ የሚያሳየው አይገናኝም፣ «እኔ ውጪ አልበላም» የሚል ልጅ ቡናና ሳንድዊቹ ሲደመር ከአስቤዛው በልጦ ታገኙታላችሁ።

አሁን ያን 6 ፐርሰንት እንየው። አሜሪካን ኤክስፕረስ ብሉ ካሽ ፕሪፈርድ የሚባለው ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ባሉ ሱፐርማርኬቶች በዓመት እስከ 6 ሺህ ዶላር ወጪ ድረስ 6 ፐርሰንት፣ ከዛ በኋላ 1 ፐርሰንት ይመልሳል፣ የዓመት ክፍያው 95 ዶላር ነው። ልጆች ያሉት፣ ቤት የሚበላ፣ በወር 500 ዶላር ከሱፐርማርኬት የሚገዛ ቤተሰብ እንውሰድ። በዓመት 6 ሺህ፣ 6 ፐርሰንቱ 360፣ 95ቱ ሲቀነስ 265 ዶላር ይቀረዋል። በ2 ፐርሰንቱ ካርድ ቢገዛ ኖሮ 120 ነበር። ለዚህ ቤት ግልጽ ነው፣ ባለ 6ቱ ይሻለዋል።

ያው 500 ዶላር የሚያወጣ ሌላ ቤት ውሰዱ፣ ግን ይሄኛው 200ውን ብቻ ነው ሱፐርማርኬት የሚያወጣው፣ ቀሪው 300 ሁሉን ነገር የሚሸጠው ትልቁ መደብር ዋልማርትና ሀበሻ ሱቅ ነው፣ እንጀራው፣ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ቅቤው። ካርዱ ዋልማርትን እንደ ሱፐርማርኬት አይቆጥረውም፣ ሀበሻ ሱቁም በሌላ አይነት የተመዘገበ ነው እንበል። እንግዲህ 2,400 ዶላር በ6 ፐርሰንት 144፣ 95 ሲቀነስ 49፣ ቀሪው 3,600 በ1 ፐርሰንት 36፣ ድምር 85 ዶላር። በተራው ባለ 2 ፐርሰንት ካርድ ግን 120 ያገኝ ነበር። ሁለቱም ቤት እኩል ነው ያወጣው፣ የገዙበት ቦታ ነው የለያያቸው።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ለኛ ሰው ዋናው ወጥመድ ይሄ ነው። ካርዱ የገዛችሁትን እቃ አያይም፣ የሚያየው ሱቁ የተመዘገበበትን ኮድ ነው። ሱፐርማርኬትና ግሮሰሪ 5411 የሚባል ኮድ አላቸው፣ ሬስቶራንት 5812 ነው። ሀበሻ ሱቅ ደግሞ ባለቤቱ የካርድ ማሽኑን ሲያስገባ እንዴት እንዳስመዘገበው ነው የሚወስነው፣ ግማሹ ግሮሰሪ ነው፣ ግማሹ ልዩ ልዩ ምግብ መሸጫ ነው፣ ፊት ለፊት እንጀራና ቡና እየሸጠ ከኋላ ክትፎ የሚያቀርበው ደግሞ ሬስቶራንት ተብሎ የተመዘገበ ሊሆን ይችላል። ባለቤቱን ብትጠይቁት እሱም ላያውቀው ይችላል። ማወቂያው ቀላል ነው፣ አንድ ትንሽ እቃ ግዙበት፣ ከሁለት ሶስት ቀን በኋላ የባንካችሁ አፕ ላይ ሂሳቡ ሲገባ ምን አይነት ወጪ ብሎ እንደመደበው እዩ። ኮስትኮ የሚባለው አባል የሆነ ሰው የሚገዛበት ትልቅ መደብር ደግሞ ጨርሶ ሌላ ነገር ነው፣ አሜሪካ ያሉት የኮስትኮ መደብሮች ከፈረንጆች 2016 ጀምሮ ከክሬዲት ካርድ የሚቀበሉት ቪዛ የሚል የተጻፈበትን ካርድ ብቻ ነው፣ አሜሪካን ኤክስፕረስ ይዛችሁ ሩዝና ዘይት በጋሪ ሞልታችሁ ካሸሯ ጋ ብትደርሱ ካርዱ አይሰራም።

ኡበርና ሊፍት ለሚነዱ ደግሞ ነገሩ ነዳጅ ላይ ነው። በወር 400 ዶላር ነዳጅ የሚቀዳ ሰው በዓመት 4,800 ያወጣል። የኮስትኮ ቪዛ ካርድ በዓመት እስከ 7 ሺህ ዶላር ድረስ ለነዳጅ 4 ፐርሰንት፣ ኮስትኮ ራሱ ከቀዳችሁ 5 ፐርሰንት ይመልሳል። በ4ቱ ብናሰላው 192 ዶላር፣ በባለ 2ቱ ካርድ 96 ነበር፣ ልዩነቱ 96 ዶላር። ግን ካርዱን ለማግኘት የኮስትኮ አባል መሆን ያስፈልጋል፣ ዝቅተኛው በዓመት 65 ዶላር ነው፣ ስለዚ አባልነቱን ለካርዱ ብላችሁ ብቻ የምትገቡበት ከሆነ የሚተርፋችሁ 31 ዶላር ነው። ድሮም አባል የሆነ ሰው ግን ሙሉውን ያተርፋል። ሲቲ ከስተም ካሽ የሚባል ካርድ ደግሞ አለ፣ ካሉት የወጪ ዘርፎች ውስጥ በዛ ወር ብዙ ያወጣችሁበትን አንዱን ራሱ መርጦ እስከ 500 ዶላር ድረስ 5 ፐርሰንት ይሰጣል፣ ነዳጅም ውስጥ አለበት፣ የዓመት ክፍያ የለውም። ይሄ ወጪው አንድ ቦታ ለሚያተኩር ሰው ይመቻል፣ ነዳጅ ብቻ ቅዱበትና ሌላ ምንም አትንኩበት።

ከጓደኞቹ ጋር ተከራይቶ የሚኖር፣ በባቡር የሚሄድ፣ ወጪው ትንሽ ትንሽ ሆኖ የተበታተነ ላጤ ልጅ ግን አይጨናነቅ፣ 2 ፐርሰንቱን ይያዝና ይረፍ።

አሁን አዲስ ሄዶ ገና ምንም የክሬዲት ታሪክ የሌለው ሰው ጋ እንምጣ፣ ምክንያቱም ከላይ የጠራኋቸውን ካርዶች አመልክቶ ወዲያው ላያገኝ ይችላል። እዛ ሀገር የእያንዳንዱ ሰው የመክፈል ታሪክ ከ300 እስከ 850 በሚደርስ ነጥብ ይለካል፣ እዚህ ባንክ ውስጥ የቱንም ያህል ጥሩ ደንበኛ ብትሆኑ አይቆጠርላችሁም፣ ከባዶ ነው የምትጀምሩት። መጀመሪያ የሚሻለው «ሴክዩርድ» የሚባለው ነው፣ 200 ዶላር ምናምን መያዣ ታስቀምጡና ያንኑ ያህል ገደብ ያለው ካርድ ይሰጣችኋል፣ በጊዜው እየከፈላችሁ ስትቆዩ መያዣው ይመለሳል። የዲስከቨሩ ሴክዩርድ ካርድ ካሽባክም አለው፣ ለነዳጅና ለሬስቶራንት በሶስት ወር እስከ 1 ሺህ ዶላር ወጪ ድረስ 2 ፐርሰንት ለሌላው 1 ፐርሰንት፣ በመጀመሪያው ዓመት የሰበሰባችሁትን ደግሞ መጨረሻ ላይ እጥፍ ያደርገዋል። ገደባችሁ ትንሽ ስለሚሆን ሞልታችሁ አትጠቀሙበት፣ 500 ዶላር ገደብ ላይ 450 ተጠቅማችሁ ስቴትመንቱ ከተዘጋ፣ ብትከፍሉትም እንኳ ነጥባችሁ ለጊዜው ይወርዳል፣ የምትጠቀሙት ከገደቡ 30 ፐርሰንት በታች ይሁን፣ ካለፈም ስቴትመንቱ ሳይዘጋ ቀድማችሁ ክፈሉ። ከ21 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ደግሞ በፈረንጆች 2009 በወጣው ህግ የራሱ ገቢ እንዳለው ማሳየት ወይ ከ21 ዓመት በላይ የሆነ አብሮት የሚፈርም ሰው ማቅረብ አለበት።

ሌላው መንገድ ዘመድ በራሱ ካርድ ላይ ስማችሁን እንዲያስገባላችሁ ማድረግ ነው። ብዙዎቻችሁ የምታርፉት እታለም ቤት ወይ አጎት ቤት ነው፣ እነሱ «ኦቶራይዝድ ዩዘር» አድርገው ቢያስገቧችሁ የነሱ ጥሩ ታሪክ ለናንተም ይቆጠራል፣ በጣም ይጠቅማል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፣ በናንተ እጅ ባለው ካርድ ለሚወጣው እያንዳንዱ ዶላር በህግ የምትጠየቀው የካርዱ ባለቤት እታለም ናት፣ እናንተ ባትከፍሉ የሷ ነጥብ ነው የሚበላሸው፣ ቤት ልትገዛ እያሰበች ከሆነ ደግሞ የቤት ብድር ወለዷ ላይ ይመጣባታል። ስለዚ ካርዱን በእጃችሁ ባትቀበሉት ይሻላል፣ ስማችሁ መግባቱ ብቻ ይበቃል። እንዲህ ብላችሁ ብትነግሯት ደስ ብሏት ታስገባችኋለች፣ «እታለም፣ ካርዱ አንቺው ጋ ይቀመጥ፣ እኔ ስሜ ብቻ ይግባልኝ»። በዘመድ መሀል ገንዘብ የሚያመጣውን መኮራረፍ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ብር ስለመላክ ሳልናገር አላልፍም። ግንቦት ሲመጣ ለማዳበሪያ፣ መስከረም ላይ ለልጆች ደብተርና ዩኒፎርም፣ ለፋሲካ ደግሞ ለበግ፣ ቢቸናም ዳንግላም ያሉ እናት አባቶች የሚጠብቁት ከዛ የሚላከውን ነው። አንዳንዱ ልጅ «በክሬዲት ካርድ ብልከው ካሽባክም አገኛለሁ» ብሎ ያስባል። አያገኝም። ብዙ ባንኮች ብር መላክን እንደ ግዢ ሳይሆን «ካሽ አድቫንስ»፣ ማለትም በካርድ ጥሬ ገንዘብ እንደማውጣት ነው የሚቆጥሩት። ካሽባክ የለውም፣ ብዙ ጊዜ 5 ፐርሰንት ክፍያ አለው፣ 300 ዶላር ብትልኩ 15 ዶላር ማለት ነው፣ ወለዱም ያን የ21 ቀን እፎይታ ሳይጠብቅ ከላካችሁበት ቀን ጀምሮ ይቆጥራል፣ ያውም ከግዢው ወለድ ከፍ ባለ መጠን። ከዛ በላይ ላኪው ድርጅት ራሱ ለክሬዲት ካርድ ተጨማሪ ሊያስከፍል ይችላል። ከባንክ አካውንታችሁ በቀጥታ ወይ በደቢት ካርድ ላኩ፣ ያ 15 ዶላር ለእናታችሁ ይድረሳት።

ካሽባክን የሚያጠፉ ትንንሽ ነገሮችም አሉ። ነዳጅ ማደያ ላይ በጥሬ ገንዘብና በካርድ ሁለት ዋጋ የሚለጥፉ አሉ፣ በካርድ ስትቀዱ በጋሎን የሚጨመረው 10 ሳንቲም ሊሆን ይችላል፣ ጋሎኑ 3 ዶላር ተኩል ከሆነ ያ ወደ 3 ፐርሰንት ነው፣ 2 ፐርሰንት የሚመልስ ካርድ አይሸፍነውም። አንዳንድ ሬስቶራንትም ለካርድ 3 ፐርሰንት ይጨምራል፣ ደረሰኙን ሳታዩ አትፈርሙ። ኪራይ በካርድ ልክፈል የሚል ሰውም ብዙ ጊዜ ከ2 ፐርሰንት በላይ ክፍያ ነው የሚጠብቀው፣ ይቅርባችሁ። አዲስ ሲከፈት የሚሰጥ ቦነስ፣ በሶስት ወር 500 ዶላር ካወጣችሁ 200 እንሰጣለን የሚለው ግን እውነት ነው፣ ውሰዱት፣ ድሮም የምታወጡትን አስቤዛና ነዳጅ ካዞራችሁበት በራሱ ይሞላል፣ እሱን ለመሙላት ብሎ ቴሌቪዥን የሚገዛ ሰው ግን አለ፣ እንደሱ አታድርጉ።

ለበዓል ወደ ሀገር ቤት ስትመጡ ደግሞ የያዛችሁት ካርድ ከአሜሪካ ውጪ ክፍያ ያለው መሆኑን ቀድማችሁ እዩ። ብዙዎቹ ካሽባክ ካርዶች፣ ባለ 2 ፐርሰንቶቹን ዌልስ ፋርጎና ሲቲን ጨምሮ፣ ከውጪ ሀገር ግዢ ላይ 3 ፐርሰንት ይቆርጣሉ፣ ባህር ዳር ሆቴል ከፍላችሁ 2 ተመለሰላችሁ 3 ተቆረጠባችሁ። የካፒታል ዋን ካርዶች ይሄ ክፍያ የለባቸውም፣ ኩዊክሲልቨር የሚባለው 1.5 ፐርሰንት ይመልሳል፣ ለጉዞ እሱ ይሻላል። በክሬዲት ካርድ ኤቲኤም ላይ ብር አታውጡ፣ ያው ካሽ አድቫንስ ነው፣ ለዛ ደቢት ካርዳችሁን ያዙ።

ካርዱ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ሁለት ነገር አስተካክሉ። አውቶፔዩን፣ ማለትም በየወሩ በራሱ ከአካውንታችሁ የሚከፍለውን፣ ሚኒመም ላይ ሳይሆን ሙሉው ስቴትመንት ባላንስ ላይ አድርጉት፣ አፕሊኬሽኑ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ሚኒመሙን ነው የሚያቀርብላችሁ። አውቶፔዩ የሚቆርጥበት ቀን ደግሞ ደሞዝ ከገባ ከጥቂት ቀን በኋላ ይሁን፣ ቀኑን ቀይሩልኝ ብላችሁ ብትጠይቁ አብዛኞቹ ባንኮች ይቀይራሉ። ሰፈር ወይ ስራ ስትቀይሩ ወጪያችሁም ይቀየራል፣ ያኔ ያን የሶስት ወር ስቴትመንት እንደገና አውርዳችሁ አስሉት፣ ባለ 95 ዶላሩ ካርድ ካላዋጣችሁ አትዝጉት፣ ደውሉና ያው ባንክ ወዳለው የዓመት ክፍያ የሌለው ካርድ ቀይሩልኝ በሏቸው፣ ለብሉ ካሽ ፕሪፈርድ ለምሳሌ ብሉ ካሽ ኤቭሪደይ የሚባል ለሱፐርማርኬት 3 ፐርሰንት የሚመልስ አለላችሁ፣ አካውንቱ ስለማይዘጋ የቆየው ታሪካችሁም አብሮ ይቀጥላል።